የዶኛ ኤውላሊያ ፎርማጆ

የሳን ማውሪሲዮ የታሪክ ማኅበር ብዙ ዕቃ አለው፤ ግማሹ ግን በማንም ሰው ጓዳ የሚገኝ ነው። የላም ደወል፣ ቀንበር፣ ትልቅ የመዳብ ድስት፣ አንድ እግሩ የተሰበረ የሕፃን አልጋ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከስዊስ ተራሮች ወርደው በመርከብ ይዘውት መጡ የሚባል ሣጥን። ከወንዙ ዳር ከተሞች ሰው ተሳፍሮ የሚመጣው ይህን ለማየት አይደለም። ፎርማጆውን ለማየት ነው።

ፎርማጆው የማኅበሩ ቤት በሆነው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ባቡር ሳይቀር በፊት ትኬት ይሸጥበት በነበረው ክፍል፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስፋቱ የትልቅ ድስት ክዳን ያህላል፤ ውፍረቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከዕድሜ ብዛት እንደ አሮጌ ኮርቻ ጠቁሯል። በጀርባው ላይ በቢላዋ የተቀረጹ ሁለት ፊደሎች አሉ፤ «ኤ» እና «ቴ»። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በመሥራቻችን በኤስቴባን ቴታ እጅ በቫሌ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ፣ በደቡብ አሜሪካ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ፎርማጆ።» በአውራ ጎዳናው መታጠፊያም «ሳን ማውሪሲዮ፣ የጥንቱ ፎርማጆ መንደር» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። በመንደሩ ዛሬ ላም የሚያልብ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ሁሉም ዶሮ አርቢ ሆኗል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

የፎርማጆው ጠባቂ ዜልሚራ ፎሎኒዬ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ቁልፍ ያዥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማጆውን ከመስታወቱ አውጥታ ዘይትና ጨው በነካ ጨርቅ ፊትና ጀርባውን ታሸዋለች። የሥጋ ቤቱ አቲሊዮ ቦንቬን ባያት ቁጥር፣ «ባል ብታገቢ ኖሮ እንዲህ ትቀቢው ነበር?» እያለ ያበሽቃታል። እሷም «ባል ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ጊዜ መች ሳይበላሽ ይቆያል?» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት መንደሩ የተመሠረተበት መቶ ሃምሳኛ በዓል ነበር። ከስዊሱ ቫሌ፣ ከአያቶቻቸው አገር፣ እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ መንደሩ ተተራመሰ። ጣቢያው ኖራ ተቀባ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኖርቤርቶ ሚሽሉ የዶሮ መኖ መደብሩን ለሚስቱ ጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ ንግግር ያጠና ጀመር። ኖርቤርቶ ክፉ ሰው አይደለም። ንግግር ይወዳል፤ ሰው ፊት ማፈርን ደግሞ እንደ ሞት ይፈራል። ችግሩ የመጣውም ከሁለቱ ነው።

ዜልሚራ መንደሩ በአክብሮት «ዶኛ» የሚላቸውን ኤውላሊያ ቴታን በየሳምንቱ ትጠይቃለች። የክርስትና እናቷ ስለሆኑ እንደ አገሩ ልማድ «ማድሪና» ነው የምትላቸው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የአያቶቹን ቋንቋ አጥርተው የሚናገሩ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ የሚያናግሩት ሰው ስለሌለ ግን ከድመታቸው ጋር ነው የሚያወሩት። ዜልሚራ በገባች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ፎርማጆዬ እንዴት ነው?» እሷም «ደህና ነው ማድሪና፣ ቅዳሜ ቀብቼዋለሁ» ትላለች። «ፎርማጆዬ» የሚሉት የቴታ ዘር ስለሆኑ ነው ብላ ነው የምታስበው። ሰው የአገሩን ወንዝ «ወንዜ» ይል የለ?

እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ዶኛ ኤውላሊያ ተኝተው አገኘቻቸው። ቀን የማይተኙ ሴት ናቸው። ማቴ የሚባለውን መራራ የቅጠል ሻይ አፍልታ በትንሽ ቅል ሰጠቻቸው፤ በቧንቧው አንድ ጊዜ ሳቡና መለሱላት።

«ፎርማጆዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ማድሪና።»

«እንግዲያው አምጪልኝ።»

«ምኑን?»

«ፎርማጆዬን ነዋ! ልሞት ነው።»

«ኧረ እግዜር አያድርገው!»

«እግዜርማ አድርጎ ጨርሷል። ያ ልጅ ሐኪም ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ መዋሸት አያውቅበትም ምስኪን። በይ፣ ከመሬት ሳልገባ አምጪልኝና ልየው።»

ዜልሚራ አእምሯቸው የሳተ መሰላት። እንደ ተማሪዎቿ ቀስ ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች። «ማድሪና፣ ፎርማጆው እኮ የመሥራቹ ነው። ኤና ቴ፣ ኤስቴባን ቴታ።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። «ኤና ቴ፣ ኤውላሊያ ቴታ! አባቴ በተወለድኩ ሰሞን የሠራው። የቀብሬ ነው! ወንድሜ ዳማሶ ቤቱን ሸጦ ከተማ ሲገባ፣ 'ማኅበሩ ጋ ላስቀምጥልሽ፣ አይጥ የለ፣ ቁልፍ አለ' አለኝ። እኔም ደግ አልኩ። ጓዳዬ ቢሆን ይሄኔ ምስጥ በልቶት ነበር። አንቺ ደግሞ ትቀቢልኛለሽ፤ ምን ጎደለኝ?»

«ወረቀቱ ላይ የመሥራቹ ነው ተብሎ ተጽፎ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም አሉ?»

«ወረቀቱን መች አነበብኩት? የራሴን ፎርማጆ ምን ብዬ አነባለሁ?»

ዜልሚራ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። አያቷ ሲያወሩ ሰምታለች፤ ግን እንደ ተረት ነበር የሰማችው። በቀድሞው ጊዜ ሰው ሲወለድ አባቱ አንድ ፎርማጆ ሠርቶ ስሙን ይቀርጽበትና ጓዳ ያስቀምጠዋል። የዚያ ሰው ዕድሜ ልክ አይነካም። ሲቀበር፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በሕዝብ ፊት ይቆረሳል። የሚቆርሰው ዘመድ አይደለም፤ ሟቹ የተጣላው ሰው ነው። ያ ሰው «የነበረን ነገር እዚህ አለቀ» ብሎ ይቆርስና ያድላል፤ የበላ ሁሉ በሟቹ ላይ የያዘውን ቂም ይተዋል። ፎርማጆ ሳይቆረስለት የተቀበረ ሰው «ደረቅ ተቀበረ» ይባላል። ጠቡን ሁሉ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው።

«እዚህች መንደር ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር ስንቱን ሰድቤ ስንቱን አኩርፌ መሰለሽ?» አሉ ዶኛ ኤውላሊያ። «እናትሽን እንኳ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፌያት ነበር፤ በዶሮ ምክንያት። ያን ሁሉ ተሸክሜ አልገባም። የጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«የሚቆርሰው። የተጣሉኝ በሙሉ ሞተው አለቁ። ጠላት እንኳ ሳላተርፍ ቀረሁ።»

ዜልሚራ ልቧ ተነካ። ይችን ሴት ትወዳቸዋለች፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ በሽታዋን የሚጠይቃት፣ ልብሷን «ይሄ አያምርብሽም» የሚላት ሌላ ሰው የላትም። «አመጣልዎታለሁ ማድሪና» አለች። ቃል ማውጣት ቀላል ነው።

የማኅበሩ ስብሰባ በጣቢያው ጥላ ሥር፣ ድሮ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነበር። አራት ነበሩ፤ ኖርቤርቶ፣ አቲሊዮ፣ ፀጉር አስተካካይዋ ኦልጋ ሬ እና ዜልሚራ። ማቴው ከእጅ እጅ እየዞረ ዜልሚራ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ማቴው ኦልጋ እጅ ላይ ቆሞ ቀረ።

«የዶኛ ኤውላሊያ?» አለች ኦልጋ። «ታዲያ የመቶ ሃምሳ ዓመት አይደለማ!»

«ዝም በይ!» አለ ኖርቤርቶ፣ መንገዱን እያየ። «ስሚ ዜልሚራ፣ ቫሌ ድረስ ጽፌያለሁ። 'አያቶቻችሁ በእጃቸው የሠሩት ፎርማጆ እኛ ጋ አለ' ብዬ። ፎቶ ልኬያለሁ። ሰዎቹ ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረው መጥተው ባዶ መስታወት ላሳያቸው?»

«እውነቱን እንነግራቸዋለን።»

«እውነቱ ምንድን ነው? 'የአንዲት አሮጊት የቀብር ምሳ ነበር፣ በላነው' ልበላቸው? አንቺ ቆመሽ ትናገሪያለሽ? ተናጋሪው እኔ ነኝ!»

«ደግሞስ ይበላል?» አለች ኦልጋ። «ሀገሩን ሁሉ ሆዱን ቢቆርጠውስ?»

«የሬሳ ሣጥን ሠሪው ገበያ ደራለት» አለ አቲሊዮ።

ኖርቤርቶ የማኅበሩን ደንብ አወጣ። «ወደ ማኅበሩ የገባ ንብረት በምንም ምክንያት አይወጣም» ይላል። ይህ አንቀጽ የገባው አንድ ጊዜ ለሠርግ ተብሎ የተዋሱት አኮርዲዮን ሙሽራውን ተከትሎ ስለጠፋ ነው። ለአኮርዲዮን የወጣ ሕግ ለሬሳ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ያውና፣ ሞኙ ማን እንደሆነ ግን ያን ዕለት አልተለየም።

«ድምፅ እንስጥ» አለች ዜልሚራ።

«አንቺ ዘመድ ነሽ፤ ድምፅ የለሽም።»

«ምን? ኖርቤርቶ! ይሄን ማኅበር እኮ አብረን ነው ያቋቋምነው!»

«የክርስትና ልጇ ነሽ። ደንብ ደንብ ነው።»

ኦልጋ ከኖርቤርቶ ጋር እጇን አወጣች። አቲሊዮ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አንስቶ ጆሮውን አከከ፤ ተቆጠረለት። ከዚያም ኖርቤርቶ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «አንድ ጥሩ፣ አዲስ ፎርማጆ ከፋብሪካ እንገዛላታለን። በማኅበሩ ስም» አለ። ዜልሚራ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። ወደ ቤቷ እየሄደች በንዴት ነበር የምታለቅሰው፤ ያገኛት ሰው ሁሉ ዶኛ ኤውላሊያ ያረፉ መስሎት «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል።

በማግሥቱ እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ስታስብ በሩ ላይ ቆማ ቆየች። አሮጊቷ ጆሯቸው ገና አልደከመም። «ግቢ፤ ከበር ውጭ ቆሞ የሚያስብ ሰው ጥሩ ነገር አያመጣም» አሏት።

ነገረቻቸው። የፋብሪካውን ፎርማጆም ነገረቻቸው።

«እሱን ለአይጥ ቀብር ያድርጉት» አሉ። «ማነው የከለከለው?»

«ማኅበሩ ነው ማድሪና።»

«ማኅበር አፍ የለውም። ማን ነው?»

«ኖርቤርቶ።»

ዶኛ ኤውላሊያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዜልሚራ አቅፋ ልታባብላቸው ጎንበስ ስትል ሲስቁ አገኘቻቸው። እንባቸው እስኪፈስ፣ ሳሉ እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ተገኘ!» አሉ።

«ምኑ?»

«የሚቆርሰው ነዋ! የአንሴልሞ ሚሽሉ የልጅ ልጅ! ከልክሎኛል አይደል? በቃ ተጣላሁት። ሂጂ ንገሪው፤ 'ኤውላሊያ ቴታ ተጣልታሃለች፤ ስትሞት ትቆርስላታለህ' በይው።»

«ማድሪና፣ እሱ እኮ ፎርማጆው አይወጣም ነው ያለው።»

«የማውጣቱ ጣጣ የሱ ነው። ደረቅ ከቀበረኝ ደግሞ ሰው ሁሉ በሱ ምክንያት መሆኑን ይወቅ።»

ዜልሚራ መኖ መደብሩ ስትደርስ ኖርቤርቶ በጆንያዎች መካከል ቆሞ ንግግሩን ለራሱ ያነብባል። መልእክቱን ቃል በቃል ነገረችው። ወረቀቱን አጠፈ።

«እኔ ምን አደረግኋት? ድምፅ ሰጥተን ነው።»

«እሳቸው የሚያውቁት ያንተን ስም ነው።»

«እኔ እኮ አልተጣላኋትም!»

«ለመጣላት አንድ ሰው ይበቃል፤ ለመታረቅ ነው ሁለት የሚያስፈልገው።»

«ስሚ ዜልሚራ፣ ይሄ የድሮ ወሬ ነው፤ አሁን ማን ያስታውሰዋል?» አለ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ጆንያውን ተደግፎ፣ «አያቴ ለአንድ ሰው ሲቆርስ አይቻለሁ» አለ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ሰውዬ ጋር በድንበር ተጣልተው አንድ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም ነበር። ሲቆርስ አለቀሰ። አያቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።» ከዚያ ደንገጥ ብሎ፣ «ሂጂ አሁን፤ ሥራ አለኝ» አላት።

ነገር ግን ኖርቤርቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። አንድ ዘዴ ታየው፤ ሴትዮዋ ሳይሞቱ መታረቅ። ከታረቁ ጠብ የለ፤ ጠብ ከሌለ ቆራሽ የለ፤ ፎርማጆውም ከመስታወቱ አይወጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በነጭ ሸሚዝ፣ አንድ ቅርጫት ብርቱካንና አንድ ጠርሙስ የቤት ወይን ይዞ መጣ። ዜልሚራ በሩን ከፈተችለት። ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዶኛ ኤውላሊያ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«አስቀይመኸኛል።»

«ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ።»

«አልልም።»

ኖርቤርቶ ዜልሚራን አየ። ዜልሚራ ድመቷን አየች።

«እንዴት አይሉም? ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

«ክርስቲያንስ ነኝ። ግን አሁን ይቅር ካልኩህ ማን ይቆርስልኛል? ሌላ ጠላት የለኝም ልጄ፤ አንድ አንተ ነህ ያለኸኝ። ብርቱካኑን ግን አስቀምጠው።»

«ዶኛ ኤውላሊያ፣ እባክዎ! ሰዎች ሊመጡብኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

አሮጊቷ ከትራሱ ቀና ብለው አዩት። ሲናገሩ ቀልዱ ከድምፃቸው ወጥቶ ነበር። «ኖርቤርቶ፣ አባቴ ያን ፎርማጆ ሲሠራ ያለችው አንዲት ላም ነበረች። አንበጣው ማሳውን የበላበት ዓመት ነበር። ልጆቹ ለወተቱ ሲያለቅሱ፣ 'ይሄ የኤውላሊያ ነው' ብሎ አረጋው። እህትና ወንድሞቼ ተርበው ነው የተቀመጠልኝ። ለመስታወት አልነበረም። ሂድ አሁን፤ ደክሞኛል።»

ኖርቤርቶ ሲወጣ ባርኔጣውን ረስቶ ሄደ። ዜልሚራ አልጠራችውም።

ዶኛ ኤውላሊያ በዚያው ሳምንት በማለዳ አረፉ። ዜልሚራ እጃቸውን እንደያዘች ነበር። መጨረሻ ላይ በአያቶቹ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ዜልሚራ አልገባትም፤ ለድመቷ ይሁን ለእሷ እንኳ አላወቀችም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

በቀብሩ ቀን ጠዋት ዜልሚራ ወስና ተነሳች። ደንቡንም ማኅበሩንም ጥላ ፎርማጆውን ልትሰርቅ። በሕይወቷ ጠመኔ እንኳ ከትምህርት ቤት ወስዳ የማታውቅ ሴት፣ በኮቷ ሥር ትልቅ የአልጋ ልብስ ደብቃ ጣቢያው ደረሰች። መስታወቱ ባዶ ነበር። ቁልፉ አልተሰበረም። ሌላ ቁልፍ ያለው ደግሞ ኖርቤርቶ ብቻ ነው።

«ደበቀው!» አለች ለባዶው ክፍል። እንግዶቹ እስኪመጡ መኖ ጆንያ ውስጥ ሸጉጦታል ብላ ደሟ ፈላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ምን አያደርግም?

በመቃብሩ ቦታ መንደሩ በሙሉ ነበር። ኖርቤርቶ አልነበረም፤ አቲሊዮም አልነበረም። ቄሱ ጸለዩ፤ አፈሩ ተመለሰ። ወሬው ስለተዳረሰ ሰው ከመበተን ይልቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹ በተለይ። ዜልሚራ በትኩሱ አፈር አጠገብ ቆማ አንገቷን ደፋች። «ደረቅ ቀበርንዎት ማድሪና» ስትል የሰማት አልነበረም።

የመኖ መኪናው የመጣው ያኔ ነው። አቲሊዮ ይነዳል፤ ኖርቤርቶ ከጎኑ ፎርማጆውን እንደ ሕፃን በጭኑ ይዟል። ሲወርድ ነጭ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ነበር። አቲሊዮ አጥንት የሚቆርጥበትን መጋዝ ተሸክሞ ተከተለው።

«ጠርዙን ስንሞክረው ቢላዋ ሁለት ተሰበረ» አለ አቲሊዮ ለዜልሚራ በሹክሹክታ። «ከጠዋት ጀምሮ ቢላዋ ስሞርድለት ነበር። በሥጋ ቤቱ ማሽን ልቁረጠው ብለው አሻፈረኝ አለ፤ 'በሰው ፊት ነው የሚቆረሰው' ብሎ።»

ከመቃብሩ አጥር አጠገብ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ኖርቤርቶ ሕዝቡን ዞሮ አየ። ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ንግግር አዘጋጅቷል። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መጋዙን አንስቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ተናግሮት በማያውቀው በአያቱ ቋንቋ፣ እየተንተባተበ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በልጅነቷ የሰማችውን ያልረሳች አንዲት አሮጊት አንዱን ቃል አረመችለት። ደገመውና በሚገባቸው ቋንቋ ለሁሉም አለው፦

«ኤውላሊያ፣ የነበረን ነገር እዚህ አለቀ።»

ገዘገዘው። ፎርማጆ ሳይሆን እንጨት የሚገዘግዝ ነበር የሚመስለው። ለሁለት ሲከፈት ውስጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ሰፈሩን ሞላው፤ የጓዳ፣ የጨውና የጭስ ሽታ። አቲሊዮ ሰበረው፤ ኖርቤርቶ ያድል ጀመር። ለያንዳንዱ ሰው ከጥፍር የማይበልጥ። ለዜልሚራም ሰጣት። ኦልጋ ሬ ተቀብላ አሸተተች፤ አማተበችና አፏ ውስጥ ከተተች።

አይታኘክም። ድንጋይ ነው። ጉንጭ ውስጥ ይዞ ቀስ እያሉ መምጠጥ ብቻ ነው የሚቻለው። መንደሩ በሙሉ ጉንጩን ወጥሮ ዝም አለ። ኖርቤርቶ አሁን ልናገር ብሎ ወረቀቱን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አፉ ሙሉ ነው፤ ተወው። የቀድሞ ሰዎች በቀብር ላይ ንግግር የማያደርጉት ለካ ለዚህ ነው። ጨዉ ቀስ እያለ ቀለጠ፤ ከሥሩ ወተት ወጣ። ዜልሚራ በዚያ ርሃብ ዓመት የነበረችው ላም፣ ወተቱን የተነፈጉት ልጆች ታወሷት፤ ያላየቻቸው ሰዎች። በኖርቤርቶ ላይ የነበራትን ንዴት ፈልጋ አጣችው። ቀና ስትል ኖርቤርቶ ሚሽሉ በሰው ሁሉ ፊት ያለቅሳል። አላፈረም።

እንግዶቹ በተባለው ቀን መጡ። ከአውቶቡስ ሳይሆን ከወንዝ የወጡ ይመስል ሁሉም በላብ ተነክረው ነበር፤ ሙቀቱን አልለመዱትም። ከመካከላቸው ኤፒኔ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቫሌ ላም አርቢ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ አስተርጓሚው ካልጠየቃቸው የማይናገሩ። ኖርቤርቶ ደወሉን አሳየ፣ የመዳብ ድስቱን አሳየ። ሌላ የሚያሳየው ሲያጣ ትኬት መሸጫው ክፍል አስገባቸው። መስታወቱ ባዶ ነው። ዜልሚራ የድሮውን ወረቀት አንስታ አዲስ አልጻፈችም፤ ምን ብላ እንደምትጽፍ አልመጣላትም።

«ፎርማጆው የታለ?» አለ አስተርጓሚው፣ ፎቶውን ይዞ።

ኖርቤርቶ ዜልሚራን አየ። ከዚያ ትንፋሹን ሳበ።

«የመሥራቹ አልነበረም፤ ተሳስተን ነው የጻፍንላችሁ። የአንዲት እናታችን ነበር። አረፉ፤ በላነው።»

ከእንግዶቹ አንዷ «ወይኔ!» አለች፣ ሌላው ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ኖርቤርቶ አንገቱ ድረስ ቀላ። አዛውንቱ ኤፒኔ ግን ወደ ባዶው መስታወት ቀረቡ፤ ጎንበስ ብለው በፎርማጆው ቦታ የቀረውን የዘይት ክብ አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በራሳቸው ቋንቋ አንዲት ጥያቄ ጠየቁ።

አስተርጓሚው ግራ ገባው። «'ማን ቆረሰው?' ነው የሚሉት» አለ።

ኖርቤርቶ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

ሽማግሌው መጥተው ያችን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ቶሎም አልለቀቁ። «እኛ ጋ» አሉ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ከአባቴ ወዲህ የተቆረሰለት የለም። የሱንም የቆረስኩት እኔ ልጁ ነኝ፤ ሌላ የመጣ ጠፍቶ። የመንደሩ ሰዎች ቂማቸውን እስከ ዛሬ ይዘውበታል።»

ማታ እንግዶቹ የተጠበሰ ሥጋቸውን በልተው ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ፣ ኖርቤርቶና ዜልሚራ ጣቢያው ውስጥ ወንበር ያጥፉ ነበር። ኖርቤርቶ ድንገት ቆመ።

«ስሚ ዜልሚራ፣ አቲሊዮ ያችን ቀይ ላም ሊሸጥ ነው ይላሉ።»

«እና?»

«ልገዛት አስቤያለሁ። ፎርማጆ ማርጋት የሚያውቅ ሰው ከተገኘ።» ወንበሩን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው። «ለእኔስ ማን ይቆርስልኛል? ሰው አልጣላም፤ ታውቂኛለሽ።»

«እኔ ነኛ» አለች ዜልሚራ። «ድምፅ የከለከልከኝን የረሳሁልህ መሰለህ?»

«ቀብር ላይ በልተሽ የለም እንዴ?»

«እሱ የማድሪና ነው። ያንተ ገና አልረጋም» አለችና ቁልፉን ይዛ በሩን ልትዘጋ ሄደች።